ሂተሩን አታስደፍኚው፤ ራዲያተሩንም ገና አትግዢ

ከደብረ ብርሃን የመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ አስተማሪ ነኝ። ከአባቴ የወረስኳት የ1981 ሞዴል (በፈረንጅ) ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። ሁለት ችግር አለባት። ጠዋት ሂተሯ አይሠራም። እናቴን ቤተ ክርስቲያን ሳደርሳት በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ነው የምትቀመጠው፤ እኔ ደግሞ በአንድ እጄ መሪ ይዤ በሌላው መስታወት እጠርጋለሁ። ሸዋ ሮቢት ወርጄ ስመለስ ግን የጣርማ በር ዳገት ላይ ሂት ታደርጋለች። አንዱ መካኒክ ራዲያተሩ ይቀየር አለ። ሌላው ሂተሩን ጨርሰን እንድፈነው አለ። ቴርሞስታት የላትም፤ ድሮ ወጥቷል። የምጨምረው የቧንቧ ውሃ ነው። የትኛውን ዕቃ ልግዛ? ከምን ልጀምር?»

ልጄ፣ እናትሽን ከብርድ ልብሱ እናወጣቸዋለን። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ብትሆንም ብርድ ልብስ የመኪና ዕቃ አይደለም።

ጠዋት የምትበርድ፣ ከሰዓት የምታተኩስ መኪና ሁለት በሽታ ያለባት ትመስላለች። እኔ ግን የማየው አንድ ነው። ሂተር ማለት ዳሽቦርድ ሥር የተቀመጠ ትንሽ ራዲያተር ነው። ትልቁም ትንሹም የሚጠጡት ያንኑ የሞተር ውሃ ነው። ውሃው ከጎደለ፣ ከቆሸሸ፣ አየር ከገባበት ወይም ግፊቱን ካልያዘ ሁለቱም ይጎዳሉ። ስለዚህ «ሂተሩን ልሥራ ወይስ ማቀዝቀዣውን?» የሚለውን ተይው። የምትሠሪው ውሃውን ነው።

ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት ግን አንድ ምርመራ አለ። የመኪናሽ 4ኬ ሞተር ብሎኩ (የታችኛው አካሉ) ብረት፣ ቴስታታው (ከላይ የሚከድነው ክፍል) አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ደጋግሞ ሲግል ይጣመማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ይሄዳል። ጓርኒሲዮኑ ሄዶ ከሆነ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ገንዘብ መበተን ነው። ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺና አስነሺ። አፉ ላይ አረፋ ያለማቋረጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ወይም ውሃው ወደ ላይ ከተገፋ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ በተነሳች በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ከሆነም ያው ነው።

ሁለት ነገር ግን እንዳያስደነግጥሽ። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ብታዪ ወዲያው «ጓርኒሲዮን!» አትበዪ። ቴርሞስታት የሌላት፣ በብርድ አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ሞተሯ በደንብ ስለማይሞቅ እንፋሎቱ እዚያ ይጠራቀማል። የዘይት መለኪያው ብረት ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ ተረጋጊ። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ነጭ ጭስም በታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ የማይወጣለት መኪና የለም። ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ ነው የሚያሳስበው።

ምርመራውን ካለፈች፣ መጀመሪያ የምትገዢው ከሁሉ ርካሹን ነው፤ የራዲያተሩን ክዳን።

ይህ የሰሜን ሸዋ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ገደማ ነው። ባቄላ ደጋ ላይ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ 89 አካባቢ ይፈላል። ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር ገደማ ስለሆነች ወደ 96 ይጠጋል። የአንቺ ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ የሚሠራው ከ82 እስከ 95 ባለው መካከል ነው። አየሽው ነገሩን? ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው ይፈላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ያልፈላው ያው ውሃ፣ በዚያው ሙቀት፣ ዳገቱ አፋፍ ሲደርስ ይፈላል።

ደህና ክዳን ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 (ኪሎ በካሬ ሳንቲሜትር) የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ከውጭው አየር በላይ ያን ያህል ግፊት ይይዛል ማለት ነው። ያ ሲሆን ደብረ ብርሃን ላይ መፍያው ከ90 ወደ 113 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ከሃያ ዲግሪ በላይ ትርፍ በአንዲት ክዳን! በገበያ ሰው ግን ክዳንን ውሃ እንዳይፈስ መክደኛ ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። ከሌላ መኪና የመጣ፣ አፉን የሚገጥም ግን ላስቲኩ የማይደርስ ክዳን የተሸከሙ ስንት ዲኤክሶች አይቻለሁ። የአንቺን ገልብጪና ላስቲኩን እዪው፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ጣይው። መሐሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ በጥፍር ስትሳብ መከፈት፣ ስትለቀቅ መመለስ አለባት። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የላይኛው ቱቦ ተጣብቆ ካገኘሽው እሷ ናት የተያዘችው። የራዲያተሩ አፍም ጠርዙ ያልተጣመመ መሆኑን በጣትሽ ዳሺ። ደግሞ «ከ0.9 1.1 ይሻላል» ብለሽ እንዳትገዢ። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው የሂተር ራዲያተር ያን አይችልም፤ ውሃውን እግርሽ ላይ ነው የሚለቅብሽ።

ሞቃ ሳለች ክዳኑን አትክፈቺ። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይከፍታል። እኔም ወጣት ሳለሁ ከደብረ ሲና በላይ ቆሜ ከፍቼ ክንዴ ላይ እስከ ዛሬ ምልክት አለ። ውስጡ 105 ዲግሪ የነበረ ውሃ ክዳኑ ሲላቀቅ 90 ላይ መፍላት ወደሚችልበት አየር ይወጣል። በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል። ውሃ አይደለም የሚመጣው፣ ፍንዳታ ነው።

ሁለተኛው ዕቃ ቴርሞስታት ነው። «ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ነው፤ እዚህ ሙቀት አለ» የሚለውን ንግግር ከአዋሽ በታች ላለ ሰው እንኳ አልመክርም፤ ለደብረ ብርሃን ሰውማ ቀልድ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ትልቁ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዝ በር ነው። በሩ ከሌለ ውሃው ገና ከመነሻው በውርጭ አየር ይቀዘቅዛል። ሂተሩም ለብ ያለ ውሃ ነው የሚደርሰው። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ቤንዚኑ ዘይቱን ያቀጥናል፣ ፒስተኑና ቀለበቱ ይበላሉ። አንቺ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ የሙቀት ጌጁን ተመልከቺ፤ ታች ይወርዳል ብዬ እወራረዳለሁ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ተመልሶ ይገባል። ሙቀት ለመቀነስ የወጣ ዕቃ ሙቀት ይጨምራል።

የ82 ዲግሪውን ግዢ፣ ከራሱ ጓርኒሲዮን ጋር። ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን፤ ሞላው ደግሞ ወደ ሞተሩ። ከመግጠምሽ በፊት በድስት ውሃ መፈተን ጥሩ ልማድ ነው። እዚህ ላይ ግን ደጋው ያታልላል። ይህ ቴርሞስታት 82 አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን 95 ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ድስት ላይ ውሃው ከ90 አይዘልም። ስለዚህ ግማሽ ያህል ብቻ ሲከፈት ታዪዋለሽ። ደህና ነው! አዲስ አበባም ቢሆን ድስት ውስጥ ሙሉ ሲከፈት ላታዪው ትችያለሽ። በዚህ የተነሳ ስንት ጤነኛ ቴርሞስታት «የቻይና ነው፣ አይረባም» ተብሎ ተጥሏል። መከፈት ከጀመረና ሲቀዘቅዝ ከተዘጋ ይበቃሻል።

አሁን ወደ ሂተሩ። «እንድፈነው» ያለሽ መካኒክ የሚያስበው ሁለቱን የሂተር ቱቦዎች በአንድ ቁራጭ አገናኝቶ ውሃው ዳሽቦርድ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ቀላል ሥራ ነው፤ የሚያፈስ ሂተር ይዞ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው እኔም አደርግለታለሁ። ቤቱ እስኪደርስ። ከዚያ በኋላ ግን አይሆንም። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ከውጭ ጉሙ፣ ከውስጥ የሰው ትንፋሽ መስታወቱን ያፍኑታል። ከፊት ዋሻው አለ፣ ከኋላ ሲኖትራክ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ሂተር ምቾት አይደለም፣ ዓይን ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሂተሩ የማይሠራበትን ምክንያት ለማወቅ ምንም መፍታት አያስፈልግሽም። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ የሂተሩን ማንሻ ወደ ሙቅ ግፊው፤ ኮፈኑን ክፈቺና ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገቡትን ሁለቱን ቀጫጭን ቱቦዎች ከፋኑና ፋኑን ከሚያዞረው ቀበቶ (ከቺንጊያው) ርቀሽ በጥንቃቄ ንኪያቸው። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ውሃው እየዞረ ነው፤ ችግሩ ከነፋሱ በኩል ነው። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ የሂተሩ ቫልቭ አልተከፈተም፣ ወይ ትንሹ ራዲያተር ተደፍኗል፣ ወይ አየር ይዞታል። ሁለቱም ለብ ብቻ ካሉ ቴርሞስታት አለመኖሩ ነው፤ ወይም ውሃ ጎድሏል። የአንቺ ለብ ይላሉ ብዬ እጠብቃለሁ። ግን በእጅሽ አረጋግጪ።

ቫልቩን ማንሻው በቀጭን ሽቦ ነው የሚጎትተው። ሽቦው ዝጎ ወይም ማሰሪያው ወልቆ ማንሻው «ሙቅ» ሲል ቫልቩ ግማሽ ላይ የሚቀርበት መኪና ብዙ ነው። አንድ ሰው ማንሻውን ያንቀሳቅስ፣ አንቺ ቫልቩን ተመልከቺ። እስከ መጨረሻው ካልሄደ ሽቦውን አስተካክሎ ማሰር ነው፤ ዕቃ አያስገዛም። ቫልቩ ራሱ ከዛገ ግን በግድ አታዙሪው፤ አንገቱ ይሰበራል።

ትንሹ ራዲያተር ከተደፈነ መጀመሪያ እጠቢው። ቱቦዎቹን ሞተሩ በኩል ፍቺና በመውጫው በኩል ውሃ አስገቢ፤ ቆሻሻው በገባበት ይመለስ። የጓሮ ቧንቧ ለስለስ ያለ ግፊት ይበቃል። መኪና አጣቢ ቤት ወስደሽ በዚያ በሚገርፍ ውሃ እንዳታስነፊው፤ ቀጭኑ መዳብ ይቀደዳል። የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ እንደ ቡና፣ ቀጥሎ እንደ ጠጅ፣ ከዚያ እንደ ውሃ ይሆናል። በሁለቱም አቅጣጫ ደጋግሚው።

ምንጣፉ ከሥር እርጥብ ከሆነ ግን እያፈሰሰ ነው፤ መውጣት አለበት። ሥራው ከባድ አይደለም፣ አሰልቺ ነው። ዳሽቦርድ ሥር ያለው ሳጥን ይወጣል። ብሎኖቹን ከየት እንደወጡ እየጻፍሽ በየትንሹ ፌስታል ለያይተሽ አስቀምጪ። ቱቦዎቹን ከትንሹ ራዲያተር አንገት ላይ በጉተታ አታውልቂ። 40 ዓመት የተጣበቀ ጎማ ሲጎተት የነሐሱ አንገት አብሮ ይጣመማል። ጎማውን በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቀሽ ላጪው፤ ቱቦው ለማንኛውም ይቀየራል። የመዳብና የነሐስ ስለሆነ ጥሩ ራዲያተር ሠሪ ይበይደዋል።

ሳጥኑ አንዴ ከወጣ ሁለት ነገር አብረሽ ጨርሺ። አንዱ ስፖንጁ ነው። ውስጥ ያሉት የነፋስ መዝጊያዎች ጠርዛቸው ላይ ስፖንጅ ነበራቸው፤ አሁን ዱቄት ሆኗል። ማንሻውን ወደ መስታወት ብታደርጊውም ነፋሱ በየቀዳዳው ይበተናል። ውሃ የማይጠጣ ስፖንጅ ቆርጦ መለጠፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እውነቴን ነው የምልሽ፣ መስታወት ላይ ለውጡን የምታዪው በአዲስ ሂተር ሳይሆን በዚህ ስፖንጅ ነው። ሌላው ብሎወሩ፣ ነፋሱን የሚገፋው ማራገቢያ ነው። በትልቁ ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ የተቃጠለችው ፍጥነቱን የምትቀንሰው ትንሿ ሬዚስታንስ ናት፤ የብሎወሩን ሞተር አትቀይሪ።

የሞተር ክፍሉን ቱቦዎች በሙሉ ቀይሪ፤ የላይ፣ የታች፣ የሂተሩ ሁለቱ፣ አጭሯ የአቋራጭ ቱቦም ካለች። ስትጨምቂያቸው የሚንኮሻኮሹ ወይም እንደ ሊጥ የላሉ ከሆነ ጊዜያቸው አልፏል። አሮጌውን ቁራጭ ይዘሽ ሂጂና አስለኪ። የቤንዚን ቱቦ ወይም የአትክልት ማጠጫ «ይገጥማል» ቢሉሽ እሺ አትበዪ፤ ሙቀቱን አይችልም።

ውሃ ፓምፑን ፋኑን ይዘሽ ሞተሩ ጠፍቶ ነቅንቂው። ከተወዛወዘ ወይም ከሥሩ ካለችው ቀዳዳ ውሃ ካስለቀሰ ኩሽኔታው አልቋል፤ ይቀየር። ካልሆነ ተይው። ቺንጊያውን በአውራ ጣት ስትጫኚው አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ይርገብ።

ራዲያተሩን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ሆነ ብዬ ነው። ያኔ የተሠራው የመዳብና የነሐስ ነው። ተፈቶ፣ ጫፉ ተከፍቶ፣ በዘንግ ተጠርጎ ተመልሶ ይበየዳል። ከአዲሶቹ የፕላስቲክ ጫፍ ካላቸው የአልሙኒየም ራዲያተሮች ይልቅ እኔ የአባትሽን ነው የምመርጠው። እነዚያ ጫፋቸው ከተሰነጠቀ ጣርማ በር ላይ የሚበይድልሽ የለም። መደፈኑን ለማወቅ ሞተሩን አሙቀሽ አጥፊና ፊቱን በእጅሽ ዳሺው። መሐሉ ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ካለ ውሃ አያልፍበትም። ከውጭም ተመልከቺ። በመኸር ወራት አውድማ ዳር የምታልፍ መኪና ፊቷ ገለባ ነው። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በለስላሳ ውሃ እጠቢው። ፋኑን የሚከብበው ከለላ አለ ወይስ አንዱ ጋራዥ «ያስቸግራል» ብሎ አስቀርቶታል? በዝግታ ዳገት ላይ ነፋስ የሚሰጥሽ ፋኑ ብቻ ነው። ያለ ከለላ ፋኑ ያንኑ ሙቅ አየር ያማስላል። በዚያ ላይ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ያለውን በሙሉ በራዲያተሩ ውስጥ ማሳለፍ አለብሽ።

የቧንቧ ውሃ ይብቃ። ኖራው ራዲያተር ውስጥ እንደ ጀበና ቂጥ ይጋገራል፤ ብረትና አልሙኒየም በአንድ ውሃ ሲገናኙም ይበላላሉ። ግማሽ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ)፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ አድርጊው። የተጣራ ውሃ ስትገዢ ለባትሪ የሚሸጠው አሲድ እንዳይሰጥሽ ጠርሙሱን አንብቢ፤ ጎን ለጎን ነው የሚደረደሩት። ከቸገረሽ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከቧንቧው ይሻላል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። ደብረ ብርሃን ያን ያህል አትበርድም፤ ግን በውርጭ ሌሊት ከዜሮ በታች ትወርዳለች። ውሃ ሲረጋ ያብጣል፣ ያን ጊዜ የሚፈነዳው ቀጭኑ ነው። መፍያውንም ጥቂት ዲግሪ ያነሳልሻል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሪው። አሮጌውን ግቢ አታፍሺው። ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው፤ ልጅም ውሻም የጎረቤት በግም ይልሰዋል።

ስትሞዪ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቁሚያት። የሂተሩ ማንሻ ሙቅ ላይ ይሁን፤ አለዚያ አየሩ ትንሹ ራዲያተር ውስጥ ተይዞ ይቀራል፣ «አዲስ ሂተር ገጥሜ አልሞቀም» ትያለሽ። በዝግታ ሙዪ፣ የላይኛውን ቱቦ ጭመቅ ለቀቅ አድርጊ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ አስነሺ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው በአንዴ ዝቅ ይላል፤ ጨምሪና ክደኚ። በማግሥቱ ቀዝቅዛ ሳለ እንደገና እዪው፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድላል።

የቀረው መንዳቱ ነው። ከሸዋ ሮቢት ስትወጪ በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰተች አትጎትቻት። በሁለተኛ ትሂድ፤ ሞተሩ ሲፈጥን ፓምፑም ፋኑም ይፈጥናሉ። ጌጁ ወደ ቀይ መጠጋት ሲጀምር መስኮት ክፈቺ፤ ሂተሩን ሙቅ ላይ፣ ብሎወሩን ትልቁ ላይ አድርጊ። ኋላ እመጣበታለሁ ያልኩት ይህ ነው፤ በችግር ጊዜ ሂተሩ ሁለተኛ ራዲያተርሽ ነው። ያልብሻል፣ ግን ቴስታታው ይተርፋል። እንፋሎት ካየሽ ወይም ቀዩ ከገባ ዳር ይዘሽ አጥፊ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳትጠብቂ ክዳን አትንኪ።

ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱን፣ ቱቦዎቹንና ኩላንቱን ቀይረሽ፣ ሂተሩን አጥበሽ አንድ ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ደርሰሽ ተመለሺ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ለመግዛት መቆምሽ አይቀርም። ሞተሩን ሳታጠፊ ኮፈኑን ክፈቺና ያን ጊዜ ጌጁ የት እንደነበረ፣ ከሁለቱ የሂተር ቱቦዎች የትኛው እንደቀዘቀዘ ጽፈሽ ላኪልኝ። ራዲያተሩን ማስጠረግ ይኑርብሽ አይኑርብሽ ከዚያ እነግርሻለሁ።